የይርጋ ፎቶና ከዓባያ ማዶ ያሉት ተራሮች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23 ቀን 1979
ፎቶ ቤቱ ጭር ብሏል። ሁለት የመታወቂያ ፎቶ ብቻ። እትዬ ይመኙሻል ዛሬም መጡ።
"አብዱ፣ የልጄ ፎቶ አልደረሰም?"
"ፊልሙ አላለቀም፣ እትዬ።"
ይርጋን ያነሳሁት ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ሲል ነው። ፊልሙን የጀመርኩት በሱ ነው። ኮቴን አልብሼው፣ እጅጌው ረዝሞበት… ሌላ ፎቶ የላቸውም። ግን ፊልም ከአዲስ አበባ መምጣት ካቆመ ሰንብቷል። ግማሹ ባዶ ሆኖ እንዴት አጥባለሁ? ልጁ እንደሆነ አንዴ ተነስቷል፣ ይቆያል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27
ሌሊት ዘንቦ አነጋ። ከዓባያ ሐይቅ ማዶ ያሉት ተራሮች እጥፋታቸው ሳይቀር ጥርት ብለው ይታያሉ። ጥር ሲገባ አቧራው ይሸፍናቸዋል። ስንት ዓመት ላነሳቸው አስቤ ተውኩት? ነገ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። ፊልሙም በዚያው ያልቃል። ሚስቴ አሲያ ሳቀችብኝ። "ተራራ ፎቶዬ ደረሰ ወይ ብሎ ይመጣል?"

እሑድ፣ ኅዳር 28
ምን ነካኝ?
በጠዋት ወጣሁ። ፀሐይ ከጀርባዬ። ሐይቁ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። ከማዶ ሸንተረር በሸንተረር ላይ ተደርቦ… ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ፊልሙ ሊያልቅ አንድ ሲቀረው ወንድይራድ መጣ፣ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ። ጠመንጃውን እንዳነገተ።
"ጓድ፣ ምንድን ነው የምታነሳው?"
"ተራራ።"
"ተራራ ምን ያደርግልሃል?"
ያምራል አልኩት። ባሰበት። "እስቲ ልየው" ብሎ ካሜራውን ተቀብሎ ክዳኑን ከፈተው። ፎቶው ውስጡ ተደርድሮ የሚያገኘው መስሎት። በዚያ ፀሐይ ፊልሙ ይቃጠላል። "አትክፈት" ስለው ይባስ ጠረጠረ። ዘግቶ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ይየው ብሎ ይዞት ሄደ።
ያንገበገበኝ የተራራው አይደለም። ይርጋ…

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30
እትዬ መጡ። አሲያን "የለም በያቸው" ብዬ መጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ድምፃቸው ይሰማኛል። "ከሄደ ወሬውን አልሰማሁም። መልኩን እንኳ ልየው ብዬ ነው።" አፈርኩ።
አንድ ተስፋ አለ። ፊልም ሲጠቀለል መጀመሪያ የተነሳው ከውስጥ ነው የሚሆነው፣ የመጨረሻው ከላይ። ብርሃኑ እስከ ውስጥ ካልዘለቀ… መዝዘው አውጥተውት ቢሆንስ?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2
ወንድይራድ ካሜራውን መለሰልኝ። ሊቀመንበሩ ተራራ ከሆነ ስጠው አሉት። "ምንም አላየንበትም" አለኝ፣ ቅር ብሎት።
ፊልሙ እዚያው ነበር። ጨለማ ክፍል ገብቼ አጠብኩት። ከተራሮቹ አንድም አልተረፈም፣ ሁሉም ጥቁር። ወደ ውስጥ ሲሄድ ጥቁረቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ… መጀመሪያው ላይ ይርጋ። ኮቴን ለብሶ። ብርሃን የነካው ጠርዙን ብቻ ነው። ተራሮቹ ላዩ ላይ ተጠቅልለው ከለሉት። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4
እትዬ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት።
"ይሄ ጎኑ ላይ ያለው ነጭ ምንድን ነው?"
"ብርሃን ገብቶበት ነው፣ እትዬ። የኔ ጥፋት ነው።"
"ኮቱስ?"
"የኔ ነው።"
"ሰፍቶታል" አሉ። እየሳቁ እንባቸው መጣ።
ከሰዓት ሌላ ልጅ መጣ። እሱም ሰኞ ለውትድርና ይሄዳል። አንድ ፎቶ አነሳሁት። ፊልሙን እዚያው ላይ ቆርጬ አጠብኩ፣ አትሜ በእጁ ሰጠሁት። አሲያ፣ "ፊልሙን ልትጨርሰው ነው እንዴ?" አለች። የቀረውን ፊልም ወደ ካሜራው መለስኩት።
ተራሮቹ ዛሬም ጥርት ብለው ይታያሉ። እነሱ የትም አይሄዱም።