ሃያ ከሃያ

ታኅሣሥ 5፣ 2017

ቅዳሜ። ገበያ ሄድኩ። ጎመን፣ ኮረሪማ፣ ሙዝ። አለምነሽ እንደ ልማዷ አንድ እፍኝ ኮረሪማ ምራቂ ጨመረችልኝ። ጂንካ ከመጣን ሦስት ዓመታችን፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሷ ነው የምገዛው። “ሃዊ፣ ዛሬም ኮምፒውተር?” አለችኝ። ዛሬም ኮምፒውተር።

ቤት ስገባ አለቃዬ ደምሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። የድርጅቱ ሥራ ሁሉ ወደ ኤአይ እየዞረ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ወደ ኤአይ ክፍል ያልገባ… “እኔ እንጃ፣ ሃዊዬ። ወይ የሥልጠና ሰርተፍኬት፣ ወይ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ሠርተሽ ነይ።”

አሥራ አንድ ዓመት ኮድ ጽፌ እንደገና ፈተና? ፈራሁ። ለራሴ እንኳ ልመን፣ ፈራሁ።

ታኅሣሥ 22

የኤአይ ቡትካምፕ፣ የተፋጠነ ሥልጠና፣ ተመዘገብኩ። በኢንተርኔት፣ አራት ወር። የመጀመሪያው ሳምንት… ኮድ ምንድን ነው፣ ሉፕ ምንድን ነው። አስተማሪው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ግን አሥር ዓመት መኪና የነዳን ሰው “መሪ እንዲህ ይያዛል” ሲሉት ምን ይሰማዋል?

ባሌ ኤልያስ ከሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ከኋላዬ ቆሞ አየ። “ይሄንንማ አንቺ ለተማሪዎቼ ልታስተምሪልኝ ትችያለሽ እኮ!”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“የጎደለሽ ምንድን ነው? እሱን ብቻ ተማሪ።”

ባል ሲመክር ቀላል ነው። ቢሆንም ወረቀት አወጣሁ። የጎደለኝ ሦስት ነገር ሆኖ ተገኘ። የኤአይ ሞዴል እንዴት እንደሚሠራ። ሰነድ አንብቦ ከሰነዱ እንዲመልስ እንዴት እንደሚደረግ። መልሱ ትክክል መሆኑ በምን እንደሚታወቅ። ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ ጻፍኩት፤ ቀላሉ መስሎኝ።

ታኅሣሥ 24

ቡትካምፑን አቋረጥኩ። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በራሴ እማራለሁ።

ጥር 14

ጎረቤታችን አቶ ፈለቀ እኛ ጋ ምሳ በላ። የግብርና ባለሙያ ነው። አንድ እንጀራ ሳይጨርስ ስልኩ አራት ጊዜ ጮኸ። ስለ በቆሎ፣ ስለ እንሰት በሽታ፣ ስለ ዘር…

“ያው ጥያቄ ነው፣ ቀኑን ሙሉ። እኔ ደግሞ አንድ ሰው ነኝ” አለ።

እሱ ሲያማርር እኔ በልቤ ኮድ እጽፋለሁ። አርሶ አደሩ በቴሌግራም በድምፅ ይጠይቃል፣ ማሽኑ ከእርሻ ማንዋል አንብቦ በድምፅ ይመልሳል። ሰው የሚጠቀምበት ነገር አላለም ደምሰው? ይኸው።

የካቲት 5

ሠራ! ያገኘሁትን የእርሻ ማንዋል ሁሉ አስገባሁበት። ሃያ ጥያቄ አወጣሁ። ሃያ ከሃያ።

ኤልያስን ጠርቼ አሳየሁት። “ጥያቄውን ማን አወጣው?” አለ። እኔ። “ማን አረመው?” እኔ። ሳቀ። ሰው ሲደሰት እንዲህ ይባላል? ተኮሳተርኩ፤ እራት እስኪቀርብ አላናገርኩትም።

የካቲት 8

ገበያ። አለምነሽ የቸርቿን መዘምራን መዝሙር የምትሰማበት ስልክ አላት፤ እሱ ላይ የቴሌግራም ቦቴን ጫንኩላት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምርጥ የበቆሎ ዘር ገዝታለች። “በቆሎ መቼ ይዘራል?” ብላ ጠየቀችው። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ፣ አላት ጥርት ባለ አማርኛ።

“ሰኔ?” አለች ወደ እኔ ዞራ።

“አዎ፣ ማንዋሉ ላይ ያለ ነው” አልኳት። ልክ ነው እኮ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይሄንኑ ነው።

“እንደ ሰባኪ ትናገራለች” አለች ስልኩን እያየች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መጋቢት 18

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። ስልሳ ሰው ቦቱን እየተጠቀመ ነው። ለደምሰው ነገርኩት፤ “አንቺማ ገብተሻል” አለኝ።

ሚያዝያ 4

ምን ብዬ ልጻፈው?

አለምነሽ ዘሯን አልዘራችም። የጎረቤቶቿ በቆሎ ጉልበት ደርሷል። የሷ ዘር እስከ ዛሬ ከነከረጢቱ ቤት ነው።

“አዲስ ዘር ነው፣ የራሱ ጊዜ አለው ብዬ ነው። ስልኩ ሰኔ አለች። አንቺም ሰኔ አልሽ። ዝናብ መጣ፤ እኔ ቁጭ አልኩ።”

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጎመኔን አስራ ሰጠችኝ፣ ኮረሪማውን ሰፍራ ሰጠችኝ። ምራቂ የለም። ቆሜ ጠበቅኩ መሰለኝ… ምኑን ነው የምጠብቀው? “ሌላ አለ?” አለችኝ። የለም አልኳት።

ሚያዝያ 5

አቶ ፈለቀ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። “ሃዊ፣ እዚህ አገር ዋናው ዝናብ የበልጉ ነው እኮ! ያ ማንዋል የተጻፈው ለሌላ አካባቢ ነው።” ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እኔም እንደተመደብኩ ተሳስቻለሁ። ያረሙኝ ገበሬዎቹ ናቸው።”

ሦስት ዓመት እዚህ ኖሬ የመጋቢት ዝናብ ለእኔ የጫማ ጭቃ ብቻ ነበር። ሃያውን ጥያቄ ያወጣሁት እኔ፣ ያረምኩት እኔ፤ እኔ የማላውቀውን ማን ይያዝብኝ?

ቦቱን ዘጋሁት። ስልሳውም ሰው ጋ መልእክት ላክሁ፤ አቶ ፈለቀ ደግሞ ለየቀበሌው ደወለ። በመልሱ አምኖ የተቀመጠ ሌላ ሰው አልተገኘም። የሰማችኝ አለምነሽ ብቻ ናት። ለምን? ስለምታውቀኝ።

ሚያዝያ 7

ከአቶ ፈለቀ ጋር በሚኒባስ አለምነሽ ወደምትኖርበት ገዘር፣ ከዚያ በእግር ወደ ማሳዋ። ቶሎ የሚደርስ ቦሎቄ ይዞላት ሄደ፤ አሁንም ይሆናል አላት። እኔ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስናገር አለቀስኩ፣ አፈርኩም።

“ይቅርታ ጥሩ ነው” አለች። ቦሎቄውን በመዳፏ እያገላበጠች ቆየች። “በአንቺ ስልክ ግን ነገ ሌላም ሰው ይጠይቃል አይደል? እሱስ?”



“እንግዲያው አንቺ ጠይቂው፣ አንቺ እረሚው” አልኳት።

“እኔ አልተማርኩም።”

“እኔም ይሄን አልተማርኩም።”

ሚያዝያ 26

በየእሑዱ ከቸርች በኋላ፣ አለምነሽና አምስት ጎረቤቶቿ። እነሱ ይጠይቃሉ፣ ማሽኑ ይመልሳል፣ እነሱ ያርማሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ተከራክረው ያልተስማሙበትንም እንዳለ እጽፋለሁ። እስካሁን መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ። ውጤት… አርባ አንድ ከመቶ አሥራ ሁለት።

አለምነሽ አንዱን መልስ ሰምታ ተቆጣች። “ማሳህ የት ነው ብላ አትጠይቅም? ገዘርና ካኮ አንድ ነው? አንዱ ደጋ፣ አንዱ ቆላ። ሳትጠይቅ ትመልሳለች!”

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አራት ወር ያነበብኩት ሁሉ ይቺን አልነገረኝም።

ግንቦት 20

ሰማንያ ስምንት ከመቶ አሥራ ሁለት። አሁን መጀመሪያ ይጠይቃል። ሳያውቅ ደግሞ አላውቅም ይላል። አላውቅም ማስባል ይሄን ያህል ሥራ ነው? ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሰኔ 12

ደምሰው ደወለ። ማክሰኞ በቪዲዮ፣ ለኤአይ ክፍል ሰው የሚመርጠው ኮሚቴ ፊት ነኝ። “የሴትዮዋን ነገር አታንሺው። የሚሠራውን አሳይተሽ ውጪ። በራስሽ ላይ ለምን ትመሰክሪያለሽ?” ለእኔ አስቦ ነው፤ አውቃለሁ። እንጀራዬ ነው። ባላነሳው ማን ያውቃል?

ሰኔ 17

አነሳሁት። መጀመሪያ ሃያ ከሃያውን አሳየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥዬ ስለ አለምነሽ ከረጢት ነገርኳቸው። ራስ መነቅነቁ ቆመ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ “ይሰማል?” አልኩ። ይሰማል አሉ። ከዚያ መቶ አሥራ ሁለቱን ጥያቄ ከፈትኩ፤ የትኞቹን አሁንም እንደሚስት፣ ለምን እንደሚስት።

አንዷ ሴት “የት ሠልጥነሽ ነው?” አለችኝ። ገዘር መንገድ ላይ፣ ገበሬዎች ጋ፣ አልኳት። ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች አላውቅም።

ሰኔ 27

ገባሁ። ከሐምሌ ጀምሮ ኤአይ ክፍል ነኝ፣ እዚሁ ጂንካ ሆኜ። ሥራዬ የሌሎችን ማሽን መፈተን። ኤልያስ ጮኸ። እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

መስከረም 3፣ 2018

ቅዳሜ። የዓመቱ ሁለተኛው ዝናብ ጀምሯል። ዘንድሮ ጭቃውን ብቻ አይደለም ያየሁት።

ቦቱ እንደገና ከተከፈተ ሳምንቱ። አለምነሽ ጋ ስደርስ ስልኩን አፏ አጠገብ ይዛ በቆሎውን አሁን ልዝራ ወይ ብላ እየጠየቀች ነበር። ማሳሽ የት ነው? አላት። ነገረችው። ከጣለ ስንት ቀን ሆነው? ነገረችው። ለዚህ ዘር በዚህ ወቅት እርግጠኛ አይደለሁም፣ አቶ ፈለቀን ጠይቂው አላት።

እኔን ቀና ብላ አየችኝ። “አሁን እሺ” አለች።

ቦሎቄው ደህና ሰጥቷታል፤ የበቆሎውን ያህል ግን አይሆንም። እሷም አላነሳችው፣ እኔም አልረሳሁትም።

ጎመኑን አሰረችልኝ። ኮረሪማውን ሰፈረችልኝ። አመስግኜ ልሄድ ስል “ቆዪ” አለችና እጄን አስዘርግታ አንድ እፍኝ ኮረሪማ ጨመረችበት።

ቤት እስክደርስ ዘንቢሉ ውስጥ አልከተትኩትም። በእጄ ይዤው ሄድኩ።