ሎጎቹ ወደ ክላውድ የወጡበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት
ዲስኩ እንደገና ሞላ። ሰርቨሩ ቀጥ። የጭነት መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ቆመዋል፤ ስምሪት የሚሠሩት እትዬ ፅጌ በሁለት ስልክ ይጮኻሉ። ያው ሎግ ነው፣ ማስታወሻዬ። ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ይጽፋል፣ እስኪታነቅ። እንዳልሰርዘው ደግሞ ደንበኛ ዕቃዬ የት ቆየ ሲል የምናየው እዚያ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ታክቷቸዋል። የወሎ ሰው ናቸው፣ ቁጣቸውም ለስላሳ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ ድርጅት እሰጣለሁ አሉኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። አላስነካም!

ማክሰኞ፣ 11
ከኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ስመጣ መላው መጣልኝ። አንድ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ በየቀኑ ሎጉን ይጨምቃል፣ ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት የሚደረስበት ሩቅ ማከማቻ ላይ፣ ይሰቅላል፣ መድረሱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ብቻ ከዲስኩ ይሰርዛል። ምሳ ረሳሁ። በላፕቶፔ ሞከርኩት። ሠራ!

ረቡዕ፣ 12
ሰርቨሩ ላይ እምቢ። ክላውዱ አይቀበልም። የይለፍ ቁልፉ ትክክል፣ ፈቃዱ ትክክል፣ ኔትወርክ አለ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ትኩስ ፓስቲ። እትዬ ፅጌ ናቸው። ወደ ስልካቸው ተመልሰዋል።

ሐሙስ፣ 13። ከሰዓት
አገኘሁት!! ሰዓቱ ነው! መብራት በሄደ ቁጥር የሰርቨሩ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች። ክላውዱ ሰዓቱ የተዛባ ማሽን አያምንም። እኔ ኮዱን ስወቅስ! በሰቃ ሰፈር ሄጄ ከአንድ ሰዓት አዳሽ ባትሪ ገዛሁ፣ ቀየርኩ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ ፕሮግራሙን አስነሳሁ። አንዱ ፋይል ወጣ። ሌላው። ሁሉም! ጮኽኩ። እትዬ ፅጌ ሾፌር እያናገሩ ነበር፤ ስልኩን ጥለው እልልል አሉ። ለምን እንደሆነ የጠየቁት በኋላ ነው።

ዓርብ፣ 14
ሐጂ ከጁምዓ መጡ። ዲስኩን አሳየኋቸው፤ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ታዲያ ፋይሉ የት ሄደ አሉ። ክላውድ ላይ ነው፣ ቢሮው ቢቃጠል እንኳ አይጠፋም አልኳቸው።
«እኔ ብቃጠልስ?»
«እርስዎን ገና አልሰቀልኩም፣ ሐጂ።»
ወይኔ አፌ! ከዚያ ሐጂ ሳቁ፤ እንባቸውን በሻሻቸው እስኪጠርጉ ሳቁ።

ማታ
ሐጂ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው የኮምቦልቻው ቢሮም እንዲሁ ይታነቃል፣ ሄደሽ ትሠሪልኛለሽ ወይ አሉኝ። ሥራው የእኔ ሆኖ ቀረ ማለት ነው! ብቻዬን ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም። እማዬ ትፈራለች። እኔም ትንሽ።
እሄዳለሁ።