ጋሼ ዩኩሌሌና ሳያንኳኩ የጣሉት ማሆጋኒ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ዩኩሌሌ» ብሎ የሚጠራቸው ታላቅ ወንድሜ ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ብቸኛ ታናሻቸው ነኝ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ጣውላን በጆሮ መለየት የጀመሩት እዚያ ነው፤ ሳንቃውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ያዳምጡት ነበር። አለቃቸው «እንጨቱ ‹ማነው?› ይልሃል እንዴ?» እያሉ ይስቁባቸው እንደነበር ራሳቸው ያወሩ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከአንድ ማተሚያ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ዩኩሌሌ የተባለችውን ባለአራት ክር ትንሽ ጊታር አብረን መሥራት ጀመርን። እንጨት መምረጥ የእሳቸው፣ መገጣጠም የእኔ ሥራ ነበር። ለፊቷ ቀላልና ጠንካራ ዝግባ፣ ለጀርባዋና ለጎኗ ማሆጋኒ ይመርጣሉ። ሲያንኳኩት ድምፁ ቶሎ የሚሞተውን ሳንቃ ምንም ቢያምር አይወስዱትም። በዚያው ዓመት አስተማሪ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው በኋላም ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

በ1996 ዓ.ም. ከፈረሰ ቤት በር የወጣ፣ ምስማር የበሳሳው አሮጌ ማሆጋኒ ገዝቼ አመጣሁ። ሁሉን የሚያንኳኩት ወንድሜ ያን ዕለት ሳያንኳኩ፣ ደንበኞች ፊት፣ «ይሄ ለአጥር ነው የሚሆነው። አንተ ድሮም ጆሮ የለህም!» አሉኝ። ሳንቃዬንና መሣሪያዬን ሸክፌ ወጣሁ። በዚያው ማሆጋኒ ብቻዬን ዩኩሌሌ እየሠራሁ ሸጥኩ። ዓመታት ተኮራርፈን ኖርን። ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ እንኳን ከለቀስተኛው ኋላ ቆሜ፣ እጃቸውን ሳልጨብጥ ተመለስኩ።

በ2015 ዓ.ም. አንዲት ደንበኛ ክር እንዲቀየርላት ዩኩሌሌ ይዛ ወንድሜ ዘንድ ሄደች። አጠገባቸው የነበረችው ትልቋ ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ ቃኝተው መታ መታ አደረጉና ድምፁን ደጋግመው አዳመጡ። ገልብጠው ሲያዩ ጀርባዋ ላይ የተደፈኑ የምስማር ቀዳዳዎች፣ ውስጧ ደግሞ የእኔ ፊርማ አለ። «ለካ ጆሮ የሌለኝ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እስከ ቤቴ ደረጃ መጥተው ተመልሰዋል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ካረፉ በኋላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም አልጋ ያዙ። ማክሰኞ ልጃቸው ደውላ «አጎቴ፣ አባዬ ሊያይህ ይፈልጋል» አለችኝ። «ሥራ ይዤአለሁ፣ እሁድ እመጣለሁ» አልኳት። የያዘኝ ሥራ አልነበረም፤ ኩራት ነው። ወንድሜ ዓርብ ጠዋት በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ።

ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበል፤ ልጆቻቸውን ያጽናና። በሕይወት ሳሉ ማድረስ ያቃተኝን ይቅርታም እሱ ያድርስልኝ።