ጅቡ ሲቀር

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1964

ስለ ዝናብ ወቅት አስተማርኩ። አንድም ተማሪ አልተኛም... የሚገርም ነው። ከሰዓት ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሰዎቹ ስለ ቅዳሜው ፊልሜ እያወሩ ነበር። እንዳላዩኝ ሆኑ፤ እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። እንዲህ ያለ ጨዋ ከተማ ውስጥ መኖር መታደል ነው።

ቅዳሜ የሆነውን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይለቀኝም። ሁለተኛው አስፈሪ ፊልሜ ነበር። በመጀመሪያው፣ ነጠላ የተከናነበው መንፈስ ብቅ ሲል አዳራሹ ጫማውን አይቶ የሒሳብ መምህሩ መሆኑን ዐወቀ። በዚህኛው ሙሽራዋ ብቻዋን በጀጎል ጠባብ መንገድ ትሄዳለች። ጭር ብሏል። ጥግ ላይ ጅብ። ፊልሙ ድምፅ የለውምና ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የምጮኸው እኔ ነኝ። ጮኽኩ። አዳራሹ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ተነሥተው፣ እንደሱ አይደለም ብለው ትክክለኛውን ጮኹልኝ። ተጨበጨበላቸው። ከኋላ አንዲት ሴት፣ ጅቡ ከስቷል፣ የሚያበላው ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀች። ከልቧ ነው።

ምን ነክቶኝ ነው? ጅብ በየምሽቱ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ የሰፈሩን ትራፊ በሚጠርግበት ከተማ... ጅብ ያስፈራል ብዬ። ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው። የሩቅ አገር መጻሕፍት ሳገላብጥ ደጄን ረሳሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 17

አቶ ሥራዬ፣ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት፣ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። አዳራሹን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጡኛል። እንደገና ከተሳቀ በቃ። "መምህር፣ ለማሳቅማ የህንዶቹ ይበቁኛል" አሉ። "እነሱ ዘፈንም አላቸው።"

ለጥሩወርቅ ነገርኳት። ከተጋባን ጀምሮ እሁድ እሁድን ካሜራ ሲበላባት የኖረች ሴት ናት። ሦስተኛው የመጨረሻው ይሁን አለች። በራስህ ከተማ አንድ ሰው እንኳ ካላስፈራህ ካሜራውን ለፎቶ ቤቱ ስጥና አርፈህ አስተምር። ተስማማሁ። ምን ልበል? ትክክል ናት።

ካሜራውን የሰጠኝ ጀርመናዊው ሐኪም ነው፣ ወደ አገሩ ሲመለስ። ቀሪ ፊልሙን ጭምር። አሁን የቀረችው ለአንድ ሥራ የምትበቃ ናት... እግዜር ይስጠው።

ረቡዕ፣ የካቲት 1

አገኘሁት መሰለኝ።

ጎረቤታችን እማማ ሳፊያ ስለ አሹራ በዓል ሲያወሩ ነበር። በዋዜማው ለጅቦቹ፣ እሳቸው ዋራባ ለሚሏቸው፣ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርባል። መሪው ከግማሽ በላይ በልቶ ካስተረፈ ዓመቱ የጥጋብ ነው። አሟጦ ከጨረሰው ወይም ጭራሽ ካልነካው... እዚህ ላይ አቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ስለ ሽንኩርት መወደድ ጀመሩ።

ይህን ከልጅነቴ ስሰማ ኖሬያለሁ። ያቆሙበትን ቦታ ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ሐረር የሚፈራው ጅብ ሲመጣ አይደለማ።

ገንፎ እምቢ የሚል ጅብ ማንሣት እፈልጋለሁ አልኳቸው። ቀድሞ ሥጋ አብልቼ ካጠገብኩት... ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። "ዓመታችንን ልትጫወትበት ነው?" አሉ። ድምፃቸውን አልጨመሩም። አፈርኩ። የሚሆነውን ብቻ እንደማነሣ፣ ምንም እንደማልነካ ቃል ገባሁ። ገንፎውን የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸውና፣ በዚህ ከሆነ ና አሉኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 17

ትናንት የአሹራ ዋዜማ ነበር። ለኛ ደግሞ ዐቢይ ጾም። ጅቡ ለቅቤ ገንፎ ተጋብዞ፣ እኔ ሱፍ ፍትፍቴን በልቼ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ኮረብታ ሥር ወጣሁ። ጥሩወርቅም መጣች። ሦስት የማሾ መብራት ለኮስኩ። ቦታው ቀን መሰለ። ደስ አለኝ።

እማማ ሳፊያ ገንፎውን አስቀምጠው ወደኋላ አሉ። ጠበቅን።

አልመጡም።

እማማ ሳፊያ መጀመሪያ ያዩ የነበሩት ቁጥቋጦውን ነው። ቆይተው ገንፎውን ብቻ ማየት ጀመሩ። ቅቤው ረጋ። ካሜራውን ከቁጥቋጦው ወደ ፊታቸው አዞርኩ። ለምን እንዳዞርኩ አላውቅም። በዱዓ ይንቀሳቀስ የነበረው ከንፈራቸው ቆመ። "እንደሻው፣ ዋራባው ቀረ እኮ" አሉኝ፣ ለሕመምተኛ እንደሚያወሩ ቀስ ብለው። እኔ ዝም ብዬ አነሣለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁም። ደስ እያለኝ ነበር... ይህንንም ልጻፈው።

ጥሩወርቅ ከኋላዬ፣ "መብራትህን አጥፋው" አለች።

መብራቴን! ምንም አልነካም ያልኩት ሰውዬ፣ ለዱር አውሬ ሦስት ማሾ ለኩሼ፣ ለምን ቀረ እላለሁ። ሁለቱን አጠፋሁ። አንዱን ዝቅ አድርጌ ከድንጋይ ጀርባ ወሸቅኩ። ጅቦቹ ብዙ ሳይቆዩ መጡ። መሪው ከግማሽ በላይ በልቶ ቀና አለና ተወው። እማማ ሳፊያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። በቀረችኝ ፊልም ያንንም አነሣሁ። ጥላ ጥላው ቢወጣ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 18

የሰው ፍርሃት በቆርቆሮ ዘግቼ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጫለሁ። የማን ነው አሁን? የኔ ወይስ የሳቸው?

ሐሙስ፣ መጋቢት 14

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ መጣ። ፊታቸው... አምላኬ። ያልተነካው ገንፎና ያ ፊት ላይ ቆረጥኩት። አለቀ። የጅቦቹን መምጣት ጣልኩት፤ ደብዛዛ ነው፤ ደግሞም አያስፈራም።

ሳያዩት ለማንም አላሳይም ብዬ ነበርና እማማ ሳፊያን ጠራኋቸው። አንሶላ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። እስኪያልቅ ተመለከቱ።

"ይህቺ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ኋላ መጡ እኮ። የት አሉ?"

ስለ ሙያው አስረዳኋቸው። ተመልካች ፍርሃቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው ፊልሙ የሚሠራው። እንቅልፍ ሲያጣ። አዳመጡኝ፤ መቼም ጨዋ ናቸው። ከዚያ፣ "የሚያዩት እኮ ጎረቤቶቼ ናቸው" አሉ። "ፊቴን ውሰድ። ግን ዋራባው ሳይመጣ ማንንም ወደ ቤቱ እንዳትሰድ።"

ተከራከርኩ። የመጨረሻ ዕድሌ ነው አልኩ። አዳራሹ ካልፈራ ካሜራው እንደሚሄድም ነገርኳቸው። አዘኑልኝ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። ጥሩወርቅን በዓይኔ ብለምናት፣ ፊቱ የሳቸው ነው አለች።

የጣልኩትን መልሼ ቀጠልኩት። ፊልሜን ገደልኩት። እንግዲህ ማስተማር ነው።

እሁድ፣ ሚያዝያ 8

ትናንት ታየ። አልጮኽኩም። መጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

ገንፎው ሲቀመጥ ፈገግታ ነበር። መጋረጃው ላይ ያሉትን እማማ ሳፊያን ሰላም ያለም አለ። ቅቤው ሲረጋ ጫት የሚቅሙት ማላመጥ አቆሙ። የእሳቸው ፊት ሲመጣ... ሳል እንኳ አልነበረም። አንድ ሰው ዱዓ ጀመረ። በአሹራ ነገር ምን አገባን የምንለውም አማተብን፤ ቢያንስ እኔ። በጨርቁ ቀዳዳ ሳይ፣ ፊት ወንበር ላይ ያለ አንድ ግዙፍ ወታደር ኮፍያውን ደረቱ ላይ ጨምቆ ይዞታል።

ከዚያ ያ ደብዛዛ ጥላ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ። አዳራሹ በአንድ አፍ አልሐምዱሊላህ አለ። እሰይ፣ ተመስገን፣ እልልታ... ሰዎች የማያውቁትን ሰው ያቅፋሉ። አውሬው ሲመጣ ፈጣሪን ያመሰገነ የአስፈሪ ፊልም ተመልካች በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። እኔ በፈለግኩት ቦታ ቆርጬው ቢሆን ይህንን አልሰማም ነበር። ቆሜ አለቀስኩ፤ መጋረጃ ለዚህም ይጠቅማል።

አቶ ሥራዬ መጥተው ጨበጡኝ። እጃቸው ቀዝቅዟል። የሚመጣው ቅዳሜም ይታያል አሉና፣ እስከ ቤታቸው አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 12

ካሜራውን ጥሩወርቅ ከአልጋ ሥር አውጥታ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከበዓል ልብሷ ጎን አስቀምጣዋለች። ለዚህችም ተመስገን።

እማማ ሳፊያ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ሴቶቹ መንገድ ላይ እያስቆሙ፣ እንኳን መጡልሽ እያሉ ይስሟቸዋል አሉ። ደክሟቸዋል፤ ግን ፊታቸው በርቷል። ልናስቀምጣቸው ወንበር ብናቀርብ እምቢ ብለው ሌላ መረጡ፤ መስኮቱ አጠገብ ያለውን፣ ብርሃን የሚያርፍበትን። ሻሻቸውን አስተካከሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ።

"እህ፣ እንደሻው" አሉ። "ቀጥሎ ምን ልፍራልህ?"