ስልኩን ዘግቻለሁ፣ ጀማል

ጀማሌ፣ የሃያት አባት፣ አላህ ይዘንልህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን ያለ አንተ አለፈ።

ሃያት ቁመቷ እኔን በልጧል፤ ስትቆጣ ግንባሯን የምትቋጥረው ቁርጥ አንተን ነው። የጫቱን ንግድ እኔ ይዤዋለሁ። «ሴት ከነጋዴ ጋር ተሟግታ አትዘልቅም» ያሉኝ ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት የጭሮ ገበያ ውስጥ ሚዛን አጠገብ ቆሜ ያዩኛል።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ፤ እኔ ግን አጠገብህ ነበርኩ። የገደለህ ጥድፊያው ነው። ጉርሻው አፍህ ውስጥ እያለ ስልክ ታነሳለህ፤ ለሰላት ቆመህ እንኳ ኪስህ ይንቀጠቀጣል። «እረፍ» ስልህ፣ «ጫት እኮ አይጠብቅም፣ ይጠወልጋል» ትለኝ ነበር። ከጫቱ በፊት አንተ ጠወለግክ።

ባለፈው ክረምት እኔንም ጀመረኝ። ስልኩ ሲጮህ ልቤ ይደልቃል፤ ሳይጮህም የጮኸ ይመስለኛል። አንድ ቀን ገበያ መሃል እጄ ደንዝዞ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ አንተን ታክምህ የነበረችው ነርስ ግፊቴን ለክታ፣ «እንደ ባልሽ መሆን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ።

በባጃጅ ስመለስ የመቻራው መንገድ ትዝ አለኝ። ለእህትህ ሰርግ ስንሄድ መኪናው ተበላሽቶ፣ ኔትወርክም ጠፍቶ፣ ግማሽ ቀን ዛፍ ሥር የተቀመጥነው። መጀመሪያ ስልክህን ወደ ሰማይ ይዘህ ወዲያ ወዲህ አልክ። ኋላ ተስፋ ቆርጠህ፣ እግርህን ዘርግተህ፣ ሙዝ እየላጥክ ሳቅክ። በትዳራችን ዘመን እንደዚያ ስትስቅ አላየሁም። ታዲያ ለማረፍ የግድ መኪና መበላሸት አለበት?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭነቱ ከወጣ በኋላ ስልኩን ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ እዘጋለሁ። ከሃያት ጋር ዳገቱን በእግር እንወጣለን፤ ያገኘነውን እናወራለን።

ወንድምህ አብዲ ይህን ሰምቶ እየተቆጣ መጣ። «ያ ሃሊማ፣ ደንበኛ ይሸሽሻል! ጀማል ቢኖር ስልክ ይዘጋ ነበር?» አለ፣ ጎረቤት እየሰማ።

«አይዘጋም ነበር። ለዚህ ነው የሌለው» አልኩት።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በፎጣው ጠረገ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ለካ እሱም እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል።

አልዋሽህም፣ የሸሹ ደንበኞች አሉ። የቀሩት ሰዓቴን ለምደው፣ «አሁን አታነሳም፣ ቆይተህ ደውል» ይባባላሉ። ግፊቴ ወርዷል። ኑሮው ግን አልቀለለም፤ ዋጋው ይንራል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ መንገዱ ይዘጋል። ይሁን። ጉልበቴን ይውሰድ፤ ዕድሜዬን አልሰጠውም።

እኔ አልረሳህም፣ ጀማሌ። በየሰላቱ ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ ለልጅህም ሳቅህን ጭምር እነግራታለሁ። እዚህ ያጣኸውን እረፍት አላህ እዚያ ይስጥህ። እኔ የእኔን እዚሁ እወስዳለሁ።

ያንተዋ ሃሊማ