በማር ያጠባሁት ልጄ ከስደተኞች መዝገብ ስለ መሰረዙ

ለተከበሩ አቶ ምስጋናው
የስደተኞች የሥራ ስምሪትና ማኅበራዊ ድጋፍ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነሥቼ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የመፈረሚያ እጅዎ እንዴት ከርሟል? እኔ በደጃፍዎ ካለው አግዳሚ ወንበር ከያዘኝ የጀርባ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከዚህ በፊት የጻፍሁልዎት ሦስት ደብዳቤዎች እንደ ታሸጉ ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተኝተው በዓይኔ ስላየሁ፣ ለመቅደድ እንዳይደክሙ ብዬ ይህኛውን ክፍት አድርጌ ልኬልዎታለሁ።

ማን እንደሆንሁ ላስታውስዎ። ሀብቱ እንየው እባላለሁ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መንደር ድንች አምራች ነኝ። እስከ አምና ድረስ የምፈርመው በጣቴ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በማታው የጎልማሶች ትምህርት ከሃያ ሦስት ሰው አንደኛ ወጥቻለሁ። መምህርታችን ቤዛዊት “ጋሼ ሀብቱ፣ በልጅነትዎ ቢማሩ ኖሮ ይኼኔ ሚኒስትር ነበሩ” ብላኛለች። እኔ መኩራራት ስለማልወድ ይህን ለሰው አልናገርም፤ በየደብዳቤው ላይ እጽፈዋለሁ እንጂ። አሁን በጥሊሊ መንገድ የሚያልፍ ሚኒባስ በጀርባው የጻፈውን ሳላነብለት አያልፍም።

ጉዳዬ ስለ ኢድሪስ ነው። ኢድሪስ ሱዳናዊ ነው፤ አገሩ በጦርነት ሲታመስ በመተማ በኩል ገብቶ፣ ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው ሲል፣ ባለፈው ጥቅምት እኛ መንደር ደረሰ። ሙያው አልጋ መሥራት ነው። እሱ ገመዱን የወጠረለት አልጋ ላይ የተኛ ሰው ዶሮ ቢጮህም አይሰማ። እንጅባራ ላይ የቀርቀሃ ዕቃ የሚሠራ ውዱ የሚባል ሰው ይህን አይቶ በድርጅቱ ሊቀጥረው ወዷል። የጎደለችው ከእርስዎ ቢሮ የምትወጣ አንዲት የሥራ ፈቃድ ወረቀት ናት፤ ውዱም ተቆጣጣሪ ስለሚፈራ፣ ወረቀቷ እስከ ሐምሌ አንድ ካልመጣች ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። ዛሬ ሰኔ ሃያ አራት ነው። በዚህች ወረቀት ላይ ያሉኝን ቅሬታዎች በግዕዝ ቁጥር አቀርባለሁ፤ በግዕዝ ያደረግሁት መቻሌን እንዲያውቁልኝ ነው።

፩ኛ/ ኢድሪስ እንደ መጣ ሰው ሁሉ “የማን ነው?” አለ። በእኛ መንደር የማንም ያልሆነ ሰው የለም፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ቤት አይከራይም፣ ቢሞትም ቀባሪ የለው። ስለዚህ በጥር ወር የጡት ልጄ አደረግሁት። እርስዎ የቢሮ ሰው ስለሆኑ ልግለጽልዎት። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኔ አውራ ጣቴን ማር ነከርሁ፤ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ፣ ጢሙን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ጠባው፤ እኔ በሃይማኖቴ እሱ በሃይማኖቱ ማልን፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጄ ነው። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ጋሼ ይኸነው “ማሩ የዘንድሮ ከሆነ እኔንም ልጅህ አድርገኝ” ብለው አሳቁን። ባለቤቴ እህተማርያም ደግሞ “ሳላምጥ ጢም ያወጣ ልጅ አገኘሁ” ብላ ጋቢ አለበሰችው።

በመጋቢት የእርስዎ ሰዎች ቅጽ ይዘው መጡ። መዝጋቢዋ ልትሞላ ስትል “አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት የሚጽፍ ሰው አለ” ብዬ እስክሪብቶውን ተቀበልኋት። “በአገር ውስጥ የሚገኝ የቅርብ ቤተሰብ” በሚለው መስመር ላይ “አባት፣ ሀብቱ እንየው” ብዬ አሳምሬ ጻፍሁና አራት ነጥብ አኖርሁበት። ሽማግሌ ያየውን እውነት ነው የጻፍሁት። በግንቦት ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን፣ ከላይ ወደ ታች አራት ጊዜ ባነብ፣ የኢድሪስ ስም የለም። ስጠይቅ “አባቱ እዚህ ያለ ሰው ስደተኛ ሊባል አይችልም” ተባልሁ። ክቡር ሆይ፣ ታላላቅ መንግሥታት ተሰብስበው ያቃታቸውን የዚያን ልጅ ስደት እርስዎ በአንድ መስመር ስላስቀሩለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ/ ስደተኛ ካልሆነማ የእኛው ሰው ነው ብለን፣ መታወቂያ እንዲሰጡት ቀበሌ ሄድን። ቀበሌው “የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ወደ አቶ ምስጋናው ውሰደው” አለ። ወደ እርስዎ ስንመለስ “አባት ስላለው ቀበሌ ይጨርስለት” ተባልን። በሁለታችሁ ደጃፍ መካከል ያለው አንድ የባጃጅ መቆሚያ ነው። ኢድሪስ በዚያ ጠዋት ስድስት ጊዜ ድንበር ተሻገረ፤ ከመተማው ይልቅ ይኼኛው አደከመኝ ብሎኛል። የባጃጅ ሹፌሮቹ እንኳ “የጋሼ ሀብቱ ልጅ፣ ዛሬ የየት አገር ሰው ነህ?” ይሉት ጀመር። የእርስዎ ቢሮ የሥራ ዕድል ባይፈጥርለትም የሹፌሮች መሳቂያ የመሆን ዕድል ፈጥሮለታልና፣ ይህም ከድጋፍ ይቆጠራል።

፫ኛ/ አቤቱታ ባበዛሁ ጊዜ ለማጣራት ተብሎ ኢድሪስ ለብቻው ተጠራ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ከአገውኛ ሌላ ስለማትናገር፣ እሱም ከአማርኛ በፊት የለመደው አገውኛውን ነው፤ ለሰላምታውም ለጥያቄውም በአገውኛ አቀላጥፎ መለሰ። ተጠናቆ በወጣው ቃለ ጉባኤ ላይ “የአካባቢውን ቋንቋ እንደ ተወላጅ ስለሚናገር ስደተኛነቱ አጠራጥሯል” የሚል ተጽፏል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ዱዳ አድርገን ልናኖረው ይገባን ነበር። ከእንግዲህ ወደ መንደራችን የሚመጣ ስደተኛ ቢኖር፣ እስኪመዘገብ ድረስ ደኅና ዋላችሁ እንዳይል አጥብቄ እመክረዋለሁ። አግዳሚው ወንበር ፊት ለፊት በተሰቀለው ትልቅ ጨርቅ ላይ “ስደተኞችን ከኅብረተሰቡ ጋር እናስተሳስር” የሚለውን ስንት ቀን ሙሉ ተቀምጬ አንብቤዋለሁ። እኛ አስተሳሰርነው፤ እናንተ ስለ ተሳሰረ ሰረዛችሁት።

ቀጥሎ ላለው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ቁጥሩ ጠፍቶኝ አይደለም፣ እስከ መቶ እቆጥራለሁ።

ሰኔ አሥራ አምስት ቀን ከቢሮዎ መፍትሔ ተገኘ ተባልሁ። በእጄ ጽሑፍ ኢድሪስ ልጄ እንዳልሆነ ካረጋገጥሁ፣ ስሙ ወደ መዝገብ ይመለሳል፣ ፈቃዱም ይወጣል። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ዘንድ የጡት ልጁን የካደ ሰው ምን እንደሚባል እናትዎን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። እኔም ለሐምሌ አንድ የቀረውን ቀን ቆጠርሁና፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ “እኔ ሀብቱ እንየው፣ ኢድሪስ ልጄ እንዳልሆነ አረጋግጣለሁ” ብዬ ጻፍሁ። ፊደሉ በመጋቢት ቅጽ ላይ ከጻፍሁት ይልቅ አምሮ ወጣ።

ኢድሪስ ከጎኔ ነበር። የፋርማሲውንም የጸጉር ቤቱንም ጽሑፍ ሁሉ መንገድ ለመንገድ ስለማነብለት፣ እንደ ልማዱ “አባቴ፣ ይኼ ምን ይላል?” አለኝ። ስለ ሙያህ ነው፣ ገመድ አወጣጠርህን አመስግኜ ነው አልሁት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ።

ወረቀቱን የተቀበለው ሠራተኛዎ ማኅተም መታበት፣ ቁጥር ሰጠው፣ ፋይል ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ፣ ልጄ ሲሆን ያዩ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጥተው ክህደቱንም በፊርማ ካላጸኑት አይሠራም አለኝ። ማኅተሙን ከመምታቱ በፊት ቢነግረኝ ጊዜ ይባክን ነበርና ስለ ቅልጥፍናው አመሰግናለሁ። ሽማግሌዎቹን ለመንሁ፤ በእርቅ እንደሚለመን ድንጋይ ተሸክሜ ለመንሁ። ጋሼ ይኸነው “እኔ ያየሁት ሲጠባ ነው፤ ሲተፋው አላየሁም” አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። ሁለቱም እሳቸውን ተከተሉ። እህተማርያም ነገሩን ከሽማግሌዎቹ ሰምታ ይኸው ዘጠኝ ቀኗ፣ ምግቤን ታቀርባለች፣ ቃል አትናገረኝም።

እንግዲህ ወረቀቴ በመዝገብ ቤትዎ ልጄን ለመካድ በቅታ፣ ልጄን ለመርዳት ሳትበቃ ተቀምጣለች። ምን ላድርግ? ይህ ጥያቄ ቀልድ የለበትም። ሽማግሌ አላስገድድ፤ ማሩን ከሰው ሆድ አላወጣ፤ የጻፍሁትን አልውጥ። ለሦስቱም ያወጡት መመሪያ ካለ፣ በትልልቅ ፊደል ቢጻፍልኝ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ እንዲደርስዎ፣ ከደጅዎ ሰው እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝም ላልሰጡኝም መልስ በእኩል እያመሰገንሁ፣

በገዛ እጁ ጽፎ፣ በገዛ እጁ የፈረመ፣ ከእንግዲህም ከመፈረሙ በፊት የሚያስብ፣
ሀብቱ እንየው

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለባጃጅ መቆሚያው ምሰሶ
ለውዱ የቀርቀሃ ሥራ ድርጅት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳላጥፈው ውዱ ደወለ። ተቆጣጣሪዎች ስለ መጡበት ሐምሌ አንድን መጠበቅ አልቻለም፤ ቦታውን ትናንት ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ስለዚህ ክቡርነትዎ ስለ ፈቃዱ ከእንግዲህ አይቸኩሉ፣ ከዚህ በፊትም አልቸኮሉም። የምለምንዎት ያቺን የክህደት ወረቀቴን ከፋይሉ አውጥተው እንዲመልሱልኝ ብቻ ነው። ቤዛዊት ኢድሪስን ለመስከረም በማታው ትምህርት መዝግባዋለች፤ ልጁ ፈጣን ነው፣ እንደ እኔ ዓመት አይፈጅበትም።