ወለተ ኪዳን ከጋርላንድ የጻፈችው ምስጋና

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። የምሳ ሰዓት፣ ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ

ሦስት ሳጥን ጨርሻለሁ፤ ሁለት ይቀራል። ጓንቴ ጠቁሯል። ፎርት ወርዝ አንድ ሽማግሌ ሞቱ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ፣ የቪክቶሪያ ዘመን የሚሉትን ማስታወቂያ ሲሰበስቡ ነው የኖሩት። ልጆቻቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ለጨረታ ቤታችን አስረከቡት። የመድኃኒት፣ የሳሙና፣ የምድጃ ቀለም፣ የወገብ ማጥበቂያ ካርድ። እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከሥሩ መግለጫ እጽፋለሁ።

የዛሬው ሁሉ መድኃኒት ነው። አንዷ ጠርሙስ ጉበትን፣ ኩላሊትን፣ ሳልን፣ ሐዘንን፣ ራሰ በራነትን ትፈውሳለች። ደሴ ዐሥራ አንድ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆሜያለሁ፣ ደብተሬ። ራስ ምታት ለያዘው ሰው ክኒን ስሰጥ እንኳ ሌላ ምን ይወስዳሉ ብዬ ሳልጠይቅ አልሰጥም ነበር። እነዚህ ግን አያፍሩም።

ከሁሉ የባሰው የሕፃናት ማስተኛ ሽሮፕ። ጉንጩ የቀላ ሕፃን፣ ፈገግ ያለች እናት፣ ዙሪያውን አበባ። ውስጡ ኦፒየም፣ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ስንቱ ሕፃን ተኝቶ በዚያው ቀረ። ዳያን፣ አለቃዬ፣ ከኋላዬ ቆማ አየችና አያምርም ወይ አለችኝ። ያምራል አልኳት። ምሳዬን አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከሥራ መልስ

የሳሙና ሳጥን። ጥቁር ልጅ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ነጭ ልጅ ያጥበዋል፤ በሁለተኛው ሥዕል ከአንገቱ በታች ነጭ ሆኖ ይወጣል። ደስ ብሎት ይስቃል። መግለጫ መጻፍ አለብኝ፦ መጠኑ፣ ቀለሙ፣ ጥግ ላይ ያለው እጥፋት። ጻፍሁ። ዳያን ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረመች፤ ወዲያው ደግሞ ይህ በጣም ተፈላጊ ነው አለች። ተፈላጊ። ቤት ገብቼ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ በሳሙና መሆኑ ራሱ አናደደኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ምሽት 12 ሰዓት

ዛሬ ሳቅሁ። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያዬ።

የኩላሊት መድኃኒት ካርድ፤ ጀርባው ላይ የአንዲት ሴት ደብዳቤ። ሰባት ሐኪም ተስፋ ቆርጦብኝ ነበር፤ ሦስት ጠርሙስ ጠጥቼ ተነሣሁ፤ የሐኪሞቹን መድኃኒት በመስኮት ወረወርኩት ትላለች። ኦሃዮ ነው የምትኖረው። ሌላ ካርድ አነሣሁ፤ ያው ደብዳቤ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ሴትዮዋ ግን ሌላ ስም አላት፣ ጆርጂያ ናት። ሦስተኛዋ የሜን ግዛት ናት። ሦስት ስም፣ አንድ ደብዳቤ። ሴትዮዋ የለችም። አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ዳቦውን እየገመጠ የፈጠራት ናት።

ስወጣ ጽጌ ኮል አደረገች። ጽጌን ታውቃታለህ፤ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ አየር ማረፊያ የተቀበለችኝ፣ አራት ወር ቤቷ ያኖረችኝ፣ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ እየነዳች ሥራ ያደረሰችኝ። ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በማር እየለወሰች በጠርሙስ መሸጥ ጀምራለች። የማስታወቂያ ወረቀት ያስፈልገኛል፣ ያንቺ አማርኛ ጥሩ ነው፣ ፋርማሲስትም ነሽ አለች። የሦስቱን ሴቶች ነገር ነገርኳት፣ ለሳቅ ብዬ። ሳቀች፣ ሳቀችና ለእኔም አንዷን ጻፊልኝ አለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። የምሳ ሰዓት

ጻፍሁላት። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። የኦሃዮዋን ሴት ነጠላ አለበስኳትና የእኛ ሰው ወደሚበዛበት ጋርላንድ አመጣኋት። ሰባቱን ሐኪም አልቀነስኩም። ደም ግፊት ጨመርኩ፤ የእኛ እናቶች ሁሉ ያለባቸው እሱ ነው። «ክኒኑን ወዲያ ጣልኩት፤ እነሆ ዛሬ ቆሜ እሄዳለሁ» ብላ ትጨርሳለች። ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር የጻፍሁት፤ ዳያን ምን አገኘሽ አለችኝ።

ስም አስቸገረኝ። አልማዝ ብል ስንት አልማዝ አለ፣ አንዷ ትጣላኛለች። የክርስትና ስም ይሻላል፤ ማን እንደሆነች አይታወቅም። የራሴን አደረግሁት፦ ወለተ ኪዳን፣ ከጋርላንድ። እዚህ አገር ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም። ቀልድ ነው፣ ለጽጌ ብቻ፣ ብዬ ላክሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ቀልድ አይደለም። አሳትማዋለች። በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ዳሩ በወርቅ ቀለም። በየጠርሙሱ አንገት አንጠልጥላዋለች። የማርያም ማኅበራችን የሴቶች ግሩፕ ላይም ፎቶው ተለቋል። ሥሩ እልልታ፣ አሜን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወለተ ኪዳንን እንኳን ማረሽ የሚሉ አሉ።

ግሩፑ ላይ ልጽፍ ጀመርኩ፣ አጠፋሁት። ጽጌን በሰው ፊት ላዋርድ? ደግሞ ማርና ፌጦ ማንን ይገድላል አልኩ። ፋርማሲስቷ እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ጻፈው ደብተሬ፣ ይቀመጥ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ከቀትር በኋላ



እትዬ አስካለን እንደ ሁልጊዜው ለቅዳሴ ልወስዳቸው ሄድኩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የልጃቸውን ልጆች ሊያሳድጉ የመጡ፤ ልጃቸው ሰብለ አየር ማረፊያ ሁለት ሽፍት ትሠራለች። ደረጃው ላይ ቆም አሉ፣ ግድግዳ ያዙ። ፊታቸው ቀልቷል። መኪና ውስጥ ዓይኔን ብዥ ይለኛል አሉ። ክኒንዎን ወስደዋል ወይ ብላቸው ሳቁ። ከተውኩት ስምንት ቀኔ ነው አሉ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው። የጽጌን ጠርሙስ ነው የምጠጣው አሉ።

ማን ተዉት አለዎት አልኩ።

ወለተ ኪዳን አሉኝ። እኔ ሱቅ ያወራውን አላምንም፣ ቴሌቪዥን ያለውንም አላምንም፤ ይቺ ልጅ ግን የክርስትና ስሟን ሰጥታ ነው የመሰከረችው፤ በዚያ ስም እኮ ነው ስንቆርብ የምንጠራው፣ በዚያ ስም ነው ስንሞት የምንፈታው፤ በእሱ ማን ይዋሻል አሉ። በየሌሊቱ ስሟን በጸሎቴ አነሣለሁ አሉ።

መንገድ ዳር ፓርክ አደረግሁ። ከቅዳሴ በፊት መድኃኒት ቤት ገብተን ደም ግፊት የሚለካው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ላይኛው ከመቶ ሰማንያ በላይ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው። ቅዳሴ ያመልጠናል አሉ። ቢያንስ ክኒኑን ይመልሱት አልኩ። አንቺ መድኃኒት ቤት ያሳደገሽ፣ ሌላ ምን ትያለሽ ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ።

እኔ ነኝ አላልኩም። ሦስት ሰዓት ቅዳሴ ቆምኩ፣ አላልኩም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ግን አላመለጠኝም፤ ቁጭ ብዬ አሳምሬ ነው የጻፍሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። የምሳ ሰዓት፣ መኪና ውስጥ

ለጽጌ ደወልኩ። እትዬ አስካለ (ከእንግዲህ እ.አ. ብዬ እጽፋቸዋለሁ) ክኒን አቁመዋል፣ ወረቀቱን ሰብስቢ አልኳት። መጀመሪያ ደነገጠች፤ እውነት ደነገጠች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። ማለቴ፣ ከኋላው በስሞል ሌተር መድኃኒት አይደለም ይላል፣ ሶ እኔ ማንንም ክኒን ተዪ አላልኩም አለች። ክኒኑን ጣልኩት የሚለው አለ አልኳት። እሱን ማን ጻፈው አለች።



አራት ወር ያበላሁሽ ለዚህ ነው? ወጪት ሰባሪ አለችኝና ዘጋችው። ወጪት ሰባሪ መሆኔ አይደለም የሚያስጠላኝ። ሥራ ገብቼ ያንን የኦሃዮ ካርድ አወጣሁት። ጻፊውን ሳምንቱን ሙሉ ስሰድበው ነበር፤ ቆሻሻ፣ ነፍሰ ገዳይ እያልኩ። ቢያንስ እሱ መድኃኒት ቤት አልሠራም ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ከሥራ መልስ

ሁለት ጊዜ እ.አ. ቤት ሄድኩ። ሁለቴም ስለ ጨው፣ ስለ ስትሮክ አስተማርኳቸው። ተመለስኩ። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተኝ። ራሳቸውን በሻሽ አስረዋል፤ ያመኛል አይሉም፣ መድኃኒቱ በሽታዬን እየገፋ ሲያስወጣው ነው ይላሉ። ይህንንም ካርዶቹ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ቃል በቃል።

ማኅበሩ 21 አርብ ስለዋለ ለቅዳሜ ተዛውሯል። ተራው የጽጌ ነው። እዚያ እናገራለሁ። እ.አ. ብቻ ሳይሆኑ የጠጣ ሁሉ ይስማ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ጠዋት

ነጠላዬን ተኮስኩ። ባልሄድስ የሚል ሐሳብ መጣ። እሄዳለሁ።

ያው ቀን። ምሽት 5 ሰዓት

አልኩት።

ዳቦው ተቆርሶ፣ ጸሎት አልቆ፣ ቄሱ ከሄዱ በኋላ። ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል፣ ወረቀቱ በየአንገታቸው። ተነሣሁ። ወለተ ኪዳን እኔ ነኝ አልኩ። አልታመምኩም፣ ሰባት ሐኪም የለም፣ የጣልኩት ክኒን የለም፤ ከድሮ የአሜሪካ ማስታወቂያ ገልብጬ በምሳ ሰዓቴ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ ክኒን ያቆማችሁ ዛሬውኑ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ጀምሩ አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር። ጨረስኩት ግን።

አንዷ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። ሰሞኑን ሥራ በዝቶባት ነው፣ ትንሽ ስትረስ አላት አለች ጽጌ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ እንደ እናት። ሌላዋ ቅናት ነው ስትል ሰማሁ። የጽጌ ሥራ ሲያድግ ዓይኗ ቀላ አለች።

እ.አ. ጋ ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ክኒኑን ይውሰዱ አልኩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ በክርስትና ስምሽ ከዋሸሽ፣ ዛሬ እውነት እንደምትናገሪ በምን አውቃለሁ?»

ዘወር አሉ። ጽጌ ሳህን ሰጠቻቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። ከቀትር በኋላ

ጠዋት እ.አ.ን ልወስድ ሄድኩ። በጽጌ መኪና ሄደዋል።

ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። አየር ማረፊያ ነዳሁ። ሰብለ ሽፍቷን ጨርሳ እስክትወጣ የሠራተኞች በር ላይ ቆምኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከኦሃዮዋ ሴት ጀምሬ። እናቷ ክኒን ማቆማቸውን አታውቅም ነበር። ጮኻ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ስንት ቀን ሆናቸው ብቻ አለች። ዐሥራ አምስት አልኳት። የአንገት መታወቂያዋን እየጠቀለለች አስፋልቱን አየች። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ተረኛ ደውላ ሐኪማቸው ጋ ለማክሰኞ ቀጠሮ አስያዘች፤ ክኒኑንም ዛሬውኑ ይጀምሩ፣ ከባሰ ደግሞ አምቡላንስ ጥሩ አሏት። ለእናቴ ማታውኑ እነግራታለሁ፣ ግን እኔንም አትሰማኝም፣ ጠዋትም ቀድሜ ነው የምወጣው አለች። ስትወጪ በሩን ክፈቺልኝ አልኳት። እሺ አለች። ፊቴን ሳታይ ነው እሺ ያለችው።

ነገ ንጋት 11:40 ጋርላንድ፣ እ.አ. ቤት ነኝ። ክኒንና አንድ ብርጭቆ ውኃ። ቃሌን አያምኑትም፤ ልክም ናቸው። ስለዚህ አልናገርም። ወንበር ስቤ ፊታቸው እቀመጣለሁ። ቢያባርሩኝ አልነሣም። ቢረግሙኝም አሜን ብዬ እቀመጣለሁ። ዳያን ብትፈልግ አረፈድሽ ብላ ታባርረኝ። ከነገ ወዲያም፣ ከዚያም ወዲያ፣ ክኒኑን እስኪውጡ ድረስ።